ሠላሳ አባት፣ ሰባት እናት

ፍራንክፈርት፣ ሮደልሃይም
ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ የሺወርቅ አሰግድ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከዚህ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳልመልስልሽ በመቆየቴ ይቅር በይኝ። ጥያቄሽ አንድ መስመር ናት፤ መልሷ ግን ስንት ቀን አስቀመጠችኝ።

ስለ ልጄ ስለ ፀሎት እጮኛ «የማን ልጅ ነው?» አልሽኝ። የዮን ልጅ ነው። ስሙ ኤይናር ይባላል፤ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ማለት ነው፣ የአውሮፕላን ሞተር የሚጠግን መሐንዲስ ነው። አገሩ አይስላንድ፣ ከኖርዌይ ወዲያ ባሕር መሐል ያለች ደሴት ናት። ብርድና በግ ሞልቷቸዋል፤ ሱፍ ይፈትላሉ። ፀሎት ይህን ስትነግረኝ «ታዲያ ደብረ ብርሃን ነዋ!» ብያት ሳቀች።

መጀመሪያ ቤት ይዛው የመጣች ዕለት፣ እኔ ልጁን ላስደነግጠው ብዬ፣ በእኛ አገር ልጅ የሚጠይቅ ሰው እስከ ሰባት ቤት አባቶቹን ይቆጥራል አልኩት። ጀርመን ቢሆን አያቱ ላይ ይንተባተብልኝ ነበር። ይሄ ግን ማንኪያውን አስቀመጠና «ከራሴ ልጀምር ወይስ ከአባቴ?» አይለኝ መሰለሽ! ኤይናር የዮን፣ ዮን የስቴፋን፣ ስቴፋን የማግኑስ እያለ ሰባትን አለፈ፣ አሥርን አለፈ፣ ሾርባችን ቀዘቀዘ። ሠላሳኛው ላይ ሲደርስ ሰውየው ከኖርዌይ በመርከብ መጣ። እኔ አባቷ ተብዬው ስምንተኛው ላይ ነው የምቆመው። ፀሎት በመጨረሻ «ፓፓ፣ ዳስ ራይሽት!» አለችኝ፤ ይበቃል ማለቷ ነው።

ደግሞ እንደ እኛው ናቸው። የቤተሰብ ስም የሚባል የላቸውም፤ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም፣ በቃ። ሴቷም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። እዚህ አገር በየቢሮው «ናኽናመ»፣ የቤተሰብ ስም፣ እያሉ ሲያደርቁኝ፣ አሰግድ አባቴ እንጂ እኔ አይደለሁም እያልኩ ስከራከር ስንት ዘመኔ ነው! አንድ ነጭ ሰው መጥቶ «እኔንም እንዲሁ ያደርቁኛል» ሲለኝ ልቤ ተሸነፈ። ምን እሸሽግሻለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ። እናቷ ካረፈች ወዲህ የፀሎት እናት አንቺ ነሽ። ሽማግሌ ሲመጣ በእናት ወንበር ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ልጅቷ ቁርጡን ነግራኛለች፤ «አክስቴ መጥታ ካልመረቀችኝ ሰርግ የሚባል አልፈልግም፤ ሽታንደስአምት ሄጄ ፈርሜ እመለሳለሁ» ብላለች። የጋብቻ መዝገብ ቤቱን ነው የምትለው። አንድ ልጄን እንደ ፖስታ ፈርሜ ላስረክብ? እባክሽ ነይልኝ። የግብዣ ወረቀቱንም አያይዣለሁ።

ደብዳቤውን የምትሰጥሽ ኑርያ ናት፤ እዚሁ ቦናመስ ሰፈር የምትኖር፣ ፍሉግሃፈን ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጁበት የምትሠራ ደግ ልጅ ናት። እናቷን ለማየት እየተመላለሰች መልእክት ታደርስልናለች።

ወንድምሽ ግርማ


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግርማ አሰግድ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህን ቅባኑግ አሙቀህ እሸው ብዬህ ነበር። ዕድሜህን ሙሉ መድኃኒት ሸጠህ ምክር የማትሰማ ፋርማሲስት አንተን ብቻ አየሁ።

አባቶቹን ቆጠርክልኝ። ደግ አደረግህ። አባት መቁጠርማ ምን ያስቸግራል፤ አባት ስሙን በልጁ ጀርባ ጭኖ ነው የሚሄድ። እኔ ዕድሜዬን አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ለግማሽ መልስ ሙሉ ማርክ አልሰጥም። ሰባት ቤት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ነው። እናቱ ማን ናት? የእናቱ እናትስ? «እንደ እኛው ናቸው» እያልክ አታባብለኝ፤ እንደ እኛው ከሆኑማ ይበልጥ መጠየቅ አለብኝ።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ይመጣል ብለሃል። ልጁ ሐበሻ አይደለ፤ ሽማግሌ ከየት አመጣ? ማን ነው እሱን ወክሎ ደጃችን የሚቆመው?

እሺም እምቢም አላልኩም። ጠየቅኩ እንጂ። ለፀሎት ጋቢ ልኬላታለሁ። ለእሷ ነው፤ አንተ እንዳትለብሰው።

እኅትህ የሺወርቅ አሰግድ


ፍራንክፈርት
ጥር 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ጋቢው ደርሷል። አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኩት፤ ያውም ፀሎት ሥራ ላይ ሳለች።

የጠየቅሽኝን ይኸው፤ ኤይናር ራሱ ቁጭ ብሎ አጽፎኛል። እናቱ ጉድሩን ናት፤ የጉድሩን እናት ሲግሪድ፣ የሲግሪድ እናት ሔልጋ፣ ከዚያ ማርግሬት፣ ከዚያ ቶራ፣ ከዚያ ሌላ ጉድሩን፣ ሰባተኛዋ ክሪስቲን። ሁሉም በቤተ ክርስቲያን የተዳሩ፣ የተከበሩ የገበሬ ልጆች ናቸው። ሰባት ሞላልሽ። ከእኛ ጋር ዝምድና እንደሌለው እንኳ ሳልቆጥርም እምልልሻለሁ።

የሽማግሌው ነገር አያሳስብሽ። የተማረ፣ ዕድሜው የገፋ፣ እዚህ ያለን ሐበሾች ሁሉ የምናከብረው ሰው ነው። ስትመጪ ትተዋወቂዋለሽ። ብርዱ ዘንድሮ ለስለስ ብሏል፤ በረዶም እስካሁን የለም። ኤምባሲው ጊዜ ይወስዳልና ፓስፖርትሽን ቶሎ ብታወጪ ጥሩ ነው።

ወንድምሽ ግርማ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ግርማ፤

ሰላምታውን ዝለለው፤ ተናድጃለሁ።

አባቶቹ ሠላሳ፣ እናቶቹ ሰባት። የቀሩትን ሃያ ሦስት ወንዶች ማን ወለዳቸው? ድንጋይ ነው ወይስ ባሕሩ? ሠላሳ አባት በአንድ ትንፋሽ የቆጠረ ልጅ እናቶቹ ላይ ሲደርስ ሰባት ላይ አይደክመውም። ያስቆምከው አንተ ነህ። እናታችን አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሰበርከውን ሳህን ሁልጊዜ ከደህናው ሥር ነበር የምታገኘው። ዛሬም ያው ነህ።

ሽማግሌውንም ኑርያ ነግራኛለች። እሷን እንዳትቆጣ፤ ጠይቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፤ እሷማ የምታውቀው ቦናመስ ጎረቤቷ መሆኑን ብቻ ነው። እኔ ስሙን አልጽፈውም። አንተ ትጽፈዋለህ።

እንግዲህ ስማኝ። ከሰባተኛዋ በላይ ያለችውን፣ የደበቅሃትን ሴት ጻፍልኝ። የሽማግሌውን ስም በእጅህ ጻፍልኝ። እስከዚያ ድረስ ከደብረ ብርሃን ንቅንቅ አልልም። ፀሎት ብታለቅስ፣ ያስለቀሳት አባቷ ነው።

የሺወርቅ አሰግድ


ፍራንክፈርት
መጋቢት 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ፤ በመድኃኔዓለም ይዤሻለሁ፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትቅደጂው።

ልጁ ምንም አልደበቀም። አጽፎኝ ሲያበቃ «ሰባት ይበቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። በእናቶቹ በኩል ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሚናገረው ደም ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከእናት ብቻ የሚወረስ ምልክት አለ፤ አባት አይነካውም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄድ ምልክትም አለ። ኤይናር ምራቁን ሰጥቶ ሁለቱንም አስመርምሯል። በአባቱ ኖርዌይ ነው፤ እሱን ሲቆጥርም ሰምተነዋል። በእናቱ ግን ኖርዌይ አይደለም። አየርላንድና የስኮትላንድ ደሴቶች ነው፤ ኬልት የሚባሉት ሕዝቦች አገር።

እሱ ብቻውን ቢሆን ምንም አልነበረ። ሊቃውንቱ አገሩን በጠቅላላ ሲመረምሩት እንዲሁ ሆኖ አገኙት። ደሴቲቱን ያቀኑት አባቶች አብዛኞቹ ከኖርዌይ፣ እናቶቹ ግን ከግማሽ በላይ ከኬልቶቹ አገር ናቸው። እንዴት ቢባል፣ የኖርዌይ መርከበኞች በዚያ በኩል ሲያልፉ ሴት እየጫኑ ይሄዱ ነበር። ተድራ የሄደችም አለች። ብዙዋ ግን ተማርካ ነው። የባሎቹን ስም እስከ ዛሬ ልጆች በቃላቸው ይወጡታል፤ የእነሱን ግን ከጥቂቶቹ በቀር የጻፈ የለም።

ኤይናር ክያርታን የሚባል ወንድም አለው። ስሙ ከአየርላንድ የመጣ ነው ይላል። ሴቶቹ ቋንቋቸው ከልጆቻቸው አፍ ሲጠፋ፣ እንደዚህ ያለ ስም እዚህም እዚያም አስቀሩ። አሁን ወንዱ ሁሉ ክያርታን ሲባል ስሙን ያመጣችው የትኛዋ እናት እንደሆነች ማንም አያስታውስም።

የደበቅሁሽ አንቺን ስለማውቅሽ ነው። ቤታችን ስለ ዘሩ የሚኮራ ቤት ነበር። «የምርኮኛ ልጅ ለፀሎት!» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ያው ይኸው ነው።

ሽማግሌው ጉልላት ነው። አዎ፣ ያው ጉልላት። እናንተ ስትተጫጩ እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሽማግሌዎቹ ቆጥረው «አምስት ቤት ናቸው፣ ዘመዳሞች ናቸው» ብለው ሲያፈርሱት አንቺ ጓዳ ገብተሽ መቅረትሽን አስታውሳለሁ። ግን ማን ላይ ይፈረዳል? የዝምድና ነገር ነው። እዚህ አገር ስንገናኝ «ዘመዴ» ብዬ አቀፍኩት፤ እስከ ዛሬም የምጠራው ዘመዴ ብዬ ነው። እሱም አንድ ቀን አይደለሁም ብሎኝ አያውቅ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሁድ እሁድ እኔ ጋ ነው ምሳው። ልጁ ሽማግሌ ሲያጣ ጉልላትን ለመንኩት፤ ብዙ አቅማምቶ «የሺ ከፈቀደች» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈቅዳለች ብዬዋለሁ። እንግዲህ ሁሉንም አወቅሽ።

ወንድምሽ ግርማ


ፍራንክፈርት
ግንቦት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ፤

ከፋሲካ በፊት የጻፍኩልሽ ደርሶሻል፤ ኑርያ በእጅሽ ሰጥቻታለሁ ብላለች። ስልክ ስደውል ጎረቤትሽ «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» ትለኛለች። ከሰኞ እስከ እሁድ የሚያስቀድስ ሰው አንቺን አየሁ።

የመዝገብ ቤቱ ቴርሚናቸው፣ ቀጠሯቸው፣ ሐምሌ 13 ነው። ፀሎት ቀሚሷን ወደ ሱቁ ልትመልሰው ከሳጥኑ አውጥታ በር ላይ አስቀምጣዋለች። ሽማግሌም ምሳም አያስፈልግም ትለኛለች፤ ኤይናር ያባብላታል። በጥቁር ቀለም ስደቢኝ፣ እችለዋለሁ። ዝምታሽን ግን አልቻልኩትም።

ግርማ


ደብረ ብርሃን
ሰኔ 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግርሜ፤

ቀሚሷን ወደ ሳጥኑ መልሱት። ቪዛዬን ትናንት ተቀበልኩ። ቤተ ክርስቲያን ያሉህ ቀን ግማሹ እውነት ነበር፤ ግማሹን አዲስ አበባ ኤምባሲው ደጅ ተሰልፌ ነው የዋልኩት። የቀረውን ጊዜ ደግሞ ይህን ለመጻፍ አቅም አጥቼ ነው።

ጉልላት ዘመድህ አይደለም። አምስት ቤትም አይደለን፣ ሃምሳ ቤትም አይደለን።

የአያታችን የባሻ ተክለ ማርያም እናት ማን ነበሩ? ጠይቀህ ታውቃለህ? አባቶችህን ስምንት ትቆጥራለህ፤ እሳቸው ግን ሦስት ቤት ላይ ናቸው፣ እጅህን ብትዘረጋ የምትደርስባቸው። ከወደ ከፋ በዘመቻ ተማርከው የመጡ ልጅ ነበሩ። ቅድመ አያታችን ወለዱባቸው። ክርስትና ሲነሡ ወለተ ማርያም ተባሉ፤ ይህ ቄሱ ያወጡላቸው ነው። እናታቸው ማን ብለው እንደጠሯቸው የጠየቀ የለም።

የእኔ ሽማግሌዎች ሲቆጥሩ እዚያ ደረሱ። የጉልላት አባት «እዚህ ላይ ጨዋ ቤት የለም» አለ። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆሜያለሁ። ኋላ ሁለቱም ወገን ተመካክረው፣ ማንም እንዳይዋረድ «ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ» ተባለ፤ አገሩም አመነ፣ አንተም አመንክ። አባታችን «ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለኝ። አላወጣሁም። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝም እምቢ አልኩ፤ ሁለተኛ መቆጠር አልፈለግሁም። ቆማ ቀረች ሲሉኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ኖርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

አባ ሻሾን ታስታውሳለህ? አያታችንን ቤት ውስጥ እንደዚያ ሲሏቸው አንተ የፈረስ ስማቸው መስሎህ ዱላ ላይ ተቀምጠህ «አባ ሻሾ!» እያልክ ትፎክር ነበር። ሞኝ! አያታችን ፈረስ ኖሯቸው አያውቅም፤ በቅሎም በውሰት ነበር የሚወጡ። ሻሾ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነው፣ በራሳቸው ቋንቋ። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የዚያን የክያርታንን ነገር ሳነብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አለቀስኩ፤ እንዲህ ካለቀስኩ ስንት ጊዜዬ ነው።

እናቶቹን የጠየቅኩህ ልጁን ልጥል አይደለም። ዘር በእናት ሲቆጠር አንድ ቦታ ላይ ስሟ የጠፋ ሴት እንደምትገኝ አውቃለሁ። አንተ ስታገኛት ምን እንደምታደርጋት ነበር ማየት የፈለግሁት። መጀመሪያ ደበቅሃት፣ አዘንኩ። ከዚያ አወጣሃት።

ጉልላት ሽማግሌ ይሁን። ሌላ ሰው ብታመጣ እኔ የለሁበትም። በእናት ወንበር ተቀምጬ እቆጥራለሁ፤ እሳቸው ላይ ስደርስም «ተማርከው የመጡ፣ ስማቸውን የነፈግናቸው ቅድመ አያታችን» ብዬ ጮክ ብዬ እላለሁ። ጉልላትም ቁጭ ብሎ ይስማኝ። ከዚያ ልጁ የእሱን ይቁጠር፤ መርከብ ላይ የተጫነችው ጋ ሲደርስ እሱም ስሟን አላውቅም ይበል። ፀሎትን የምመርቃት ያኔ ነው።

ኑርያ ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ትመጣለች፤ አትጨነቅ።

እኅትህ የሺወርቅ አሰግድ


ደብረ ብርሃን
ጥር 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግርማ፤

እንኳን ለጥምቀት አደረሰህ። እዚህ ውርጩ ጠንቶብናል፤ ሙሽሮቹ የሰጡኝን የአይስላንድ ሹራብ ለብሼ ታቦት ሸኘሁ፤ ሰው ሁሉ የት ተገዛ ይለኛል።

ወደ አገሬ ስመለስ ፍሉግሃፈን ጉልላት ሻንጣዬን እየገፋ ምን አለሽ ብለህ በሦስት ደብዳቤ ጠየቅኸኝ። ዝም ያልኩህ እኔም ገና ስላልገባኝ ነበር። እንግዲህ ልንገርህ። በሽማግሌው ቀን ቆጥሬ ስጨርስ አንገቱን ደፍቶ መቅረቱን አይተሃል። እኔ አፈረ ብዬ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመና «የሺ፣ በእኛም ቤት አሉ» አለኝ። እንደ ወለተ ማርያም ተማርከው የመጡ፣ የአባቱ ሴት አያት ናቸው። አባቱ በእኛ በኩል ሲቆጥር ያገኘውን ባገኘ ጊዜ፣ የእኛ ሽማግሌዎች በተራቸው የእነሱን እንዳይቆጥሩ ፈጥኖ ዘጋው። ጉልላት ይህን የሰማው አባቱ ሊሞት ሲል ነው፤ ያኔ አግብቶ ነበር፣ ውጭም ነበር። ዘመዴ ስትለው ዝም ያለህም ሌላ የሚልህ ስላጣ ነው።

«ስማቸው ማን ነበር?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ። ጥሪው ተሰማና ገባሁ።

ተናደድሽ ወይ ላልከኝ፣ እንዴት አልናደድ! ሁለት ስማቸው የጠፋ ሴቶች ጎን ለጎን ቢቆጠሩ ኖሮ እኔ ቤትና ልጅ ይኖረኝ ነበር። ሰማይ ላይ እስክወጣ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ያ ሰውዬ ፊቱን እንዴት አድርጎ «ጨዋ ቤት የለም» እንዳለ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ፤ አጠገቤ ያለው ሰው አስተናጋጇን ጠራልኝ። ለጉልላት ሰላም በለው። እሁድ ምሳውን አትከልክለው። ዘመዴ ማለቱንም አትተው፤ አሁን እውነት ሆኗል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ፀሎት ደውላ በሆዷ ያለችው ሴት ልጅ መሆኗን ነገረችኝ፤ እናታችን አስካለ በሰማች ብዬ እልል ስል ጎረቤት አስደነገጥኩ። ስም አውጪላት ብለውኛል። የራስ ስሟን እናትና አባቷ ያውጡላት፤ የእኔን ስም እንዳትጭኑባት። እኔ የምለምነው ከዚያ የሚቀጥለውን ነው። ኤይናር በአገሬ ልጅ በእናቷ ስም ልትጠራ ትችላለች፣ ሕጉ ይፈቅዳል ብሎኝ ነበር። እንግዲያው የፀሎት ልጅ ተብላ ትጻፍልኝ። አባቷ አይከፋው፤ ሠላሳ አባት አላት፣ አንዱ ቢቀር አይጎድልባትም። እናት ግን ከእሷ ጀምሮ አይጥፋ። ሌላ ጊዜ፣ እኛ አፈር ከሆንን በኋላ፣ አንድ ሰው ቆጥሮ እዚች ልጅ ጋ ሲደርስ የእናቷን ስም ያገኛል።

ለሕፃኗ ትንሽ ጋቢ በኑርያ ልኬያለሁ። አንተ እንዳትለብሰው።

እኅትህ
የሺወርቅ አስካለ